ባለ ሮታሪ ሞተር አሮጌ የስፖርት መኪና በጎጃም፦ የቤንዚን ምርጫ፣ አያያዝና ብልሽት ፍለጋ

ባለፈው ዓመት የከተራ ዕለት ጠዋት ባሕር ዳር ያለው ግቢያችን በእንግዳ ተጨናንቆ ነበር። ከአዴት የመጡ ዘመዶቻችን ሚኒባሳቸውን ማቆሚያ ሲያጡ ታናሽ ወንድሜ ቁልፍ አንሥቶ የእኔን መኪና አስነሣት፤ ሁለት ሜትር ያህል ወደ ግድግዳው አስጠግቶም ወዲያው አጠፋት። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ከሰዓት በኋላ ታቦት ልናጅብ ስንወጣ መኪናዋ እምቢ አለች። ማስነሻ ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አንድም ጊዜ አልያዘም። የተጠራው መካኒክ ባትሪው እስኪደክም ካሽከረከረ በኋላ «ፒስተኑ ፋሻ ጨርሷል፤ ሞተር መውረድ አለበት» ብሎን ሄደ።

መኪናዋ ፒስተን፣ ማለትም በሌሎች ሞተሮች ውስጥ ላይ ታች የሚለው ብረት፣ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1984 የተሠራች ማዝዳ አርኤክስ-7 ናት፤ ሞተሯ ሮታሪ ነው። የተሰበረም ያለቀም ነገር አልነበረም። ያን ዕለት ማታ ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) ፈትቼ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሬ፣ የጎረቤት ባትሪ ተውሼ አስነሣኋት።

እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው አገራችን ውስጥ ጥቂት ነው፤ ስለዚህም ሲቸግረው የሚጠይቀው አያገኝም። ይህን የጻፍኩት ለእርሱና መኪናውን ለሚያይለት መካኒክ ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብሬያት ስኖር የተረዳሁት ዋና ነገር ይህ ነው፦ ሮታሪ ሞተር በአብዛኛው የሚጎዳው በቸልተኝነት ሳይሆን ለሌላ መኪና በተማርነው መልካም ልማድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ቶሎ ማጥፋት፣ ለሞተሩ አዝኖ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ዘይት ሲጎድል መደንገጥ፣ ውድ ቤንዚን መፈለግ፤ እነዚህ ሁሉ እዚህ ላይ ወይ አይጠቅሙም ወይ ይጎዳሉ።

ሞተሩ እንዴት እንደሚሠራ

የሮታሪ ሞተር ሐሳብ የጀርመናዊው ፌሊክስ ቫንክል ነው። የመጀመሪያው የሙከራ ሞተር ኤንኤስዩ በተባለው ኩባንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 ዞረ። ማዝዳ ፈቃዱን ገዝቶ በ1967 ኮስሞ ስፖርትን፣ በ1978 ደግሞ አርኤክስ-7ን አወጣ።

ወገቡ እንደ ቅል ገባ ያለ የብረት ቤት አስቡ። በውስጡ ጎኖቹ ቆልመም ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ይዞራል፤ እርሱ ሮተር ይባላል። አንዱ ጎን ቤንዚንና አየር ሲስብ ሌላው ያምቃል፤ ሦስተኛው ተቀጣጥሎ ጭሱን ያስወጣል። ቫልቭ የለም፤ መግቢያና መውጫ ቀዳዳዎቹን የሚከፍታቸውና የሚዘጋቸው የሮተሩ አካል ራሱ ነው። በሦስቱ ማዕዘኖች ጫፍ ላይ ቀጫጭን ማሸጊያዎች ተሰክተዋል። በፒስተን ሞተር ፋሻ (በፒስተኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት) የሚሠራውን ሥራ የሚሠሩት እነርሱ ናቸው፤ ቤቱን ያለ ዕረፍት እየዳሰሱ ይዞራሉ። በኬንኢቺ ያማሞቶ የተመሩት የማዝዳ መሐንዲሶች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተቸገሩት ማሸጊያዎቹ ቤቱን በመቧጨራቸው ነበር፤ ጭረቱን «የሰይጣን ጥፍር» ይሉት ነበር።

ማሸጊያዎቹ ያለ ዘይት አይኖሩም። ስለዚህ ከሞተሩ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ የዘይት መመጠኛ ፓምፕ ከሞተሩ ዘይት ጥቂት ጥቂት እየወሰደች ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተር ትልካለች፤ ዘይቱም ከቤንዚኑ ጋር ይቃጠላል። ዘይት መብላት የዚህ ሞተር ተፈጥሮ ነው። በእኔ መኪና በ1,500 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር አካባቢ ይሄዳል። የእናንተ መኪና ሺህ ኪሎ ሜትር ተነድታ ዘይቷ ምንም ካልጎደለ ደስ አይበላችሁ፤ ወይ ፓምፑ አይሠራም፣ ወይ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየገባ መጠኑን ሞልቶ አሳይቷችኋል። መለኪያውን አውጥታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ከሸተተ ዘይቱን ቀይሩና ምክንያቱን ፈልጉ።

ቀጥሎ የትኛው ሞተር እንዳላችሁ አረጋግጡ፤ የቤንዚን ምርጫ በዚህ ይወሰናል። 12ኤ የሚባለው ሁለት ሮተር ያለው፣ በጠቅላላው 1,146 ሲሲ የሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ካርቡሬተር ያለበት ነው። 13ቢ ደግሞ 1,308 ሲሲ ነው፤ በኋለኞቹ አርኤክስ-7 ሞዴሎች ላይ ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለውም የሌለውም አለ። ከዚህ በታች የምለው በዋናነት ተርቦ የሌለውን ይመለከታል፤ ስለ ተርቦው ለይቼ እናገራለሁ።

የትኛው ቤንዚን?

አጭሩ መልስ፦ ተርቦ ለሌለው አሮጌ ሮታሪ ከታመነ ማደያ የተቀዳ ንጹሕ ተራ ቤንዚን ይበቃዋል። ፋብሪካው ለእነዚህ መኪኖች የጠየቀው በአሜሪካ አለካክ 87፣ በጃፓንና በአውሮፓ አለካክ 91 አካባቢ የሆነ ኦክቴን ነው።

ኦክቴን የጉልበት መለኪያ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ አይደለም። ቤንዚኑ ሲታመቅና ሲሞቅ ካንዴላው ሳያቀጣጥለው በራሱ እንዳይፈነዳ ያለው ትዕግሥት መለኪያ ነው። 12ኤ የሚያምቀው 9.4 ለ1 ነው፤ በፒስተን ሞተር ውስጥ ፍም የሚሆነው የጭስ ማውጫ ቫልቭ ደግሞ እዚህ የለም። ስለዚህ ተራው ቤንዚን ችግር አይፈጥርበትም። በዚያ ላይ እኛ ያለነው ደጋ ላይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ፣ ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ የሚያምቀው አየር ያንሳል፤ የሚፈልገው ኦክቴንም አብሮ ይቀንሳል። ኦክቴን ይጨምራሉ እየተባሉ በጠርሙስ የሚሸጡ መድኃኒቶች ላይ ገንዘብ አታጥፉ።

«እርሳስ የሌለው ቤንዚን አሮጌ ሞተር ይጎዳል» የሚል አሮጌ ሥጋትም አለ። በፒስተን ሞተር ላይ ለዚህ መሠረት ነበረው፤ እርሳሱ የቫልቭ መቀመጫዎችን ከመበላት ይከላከል ነበር። ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ2006 መግቢያ ጀምሮ እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ትቷል። ቫልቭ የሌለውን ሞተር ግን ይህ አልነካውም፤ እንዲያውም ካንዴላዎቹ ንጹሕ ሆነው ይቆያሉ።

ተርቦ ያለው ሮታሪ ሌላ ነገር ነው። ተርቦው አየር በግፊት ሲጨምር ቤንዚኑ ያለጊዜው ከፈነዳ አንድ ጊዜ ብቻ እንኳ የጫፍ ማሸጊያ ሊሰብር ይችላል። የፒስተን ሞተር እያንኳኳ ያስጠነቅቃል፤ ይኼኛው ብዙውን ጊዜ ሳትሰሙት ይሰበራል። ተርቦ ያላችሁ ከፍተኛ ኦክቴን ፈልጉ። ካጣችሁ ቤንዚን መስጫውን ከግማሽ በላይ አትርገጡ፤ የተርቦውንም ግፊት ከፋብሪካው ልክ በላይ ያሳደገ ሰው ካለ መልሱት። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

ከጀሪካን የተገዛ ቤንዚን

ጎጃም ውስጥ ከኦክቴን ይልቅ የሚያሳስበው ንጽሕናው ነው። ቤንዚን ከማደያ ጠፍቶ መንገድ ዳር በጀሪካንና በውኃ ጠርሙስ የሚሸጥበት ጊዜ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት፣ ናፍጣ በነበረበት ጀሪካን የተቀዳ፣ ውኃ ያለበት፣ ዝገትና አሸዋ የያዘ ሁሉ ያጋጥማል። ነጭ ጋዝ ኦክቴኑን ክፉኛ ያወርደዋል፤ በደንብ ሳይቃጠል ይቀርና የማሸጊያዎቹን ዘይት ያጥባል፣ ጥቀርሻም ያስቀምጣል። ስለዚህ ታንክ ውስጥ ከመጨመራችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ።

የመጀመሪያው የወረቀት ፈተና ነው። በነጭ ንጹሕ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣሉ፤ ከአጠገቡም ከምታምኑት ማደያ ከተቀዳው አንድ ጠብታ ጣሉ። ንጹሕ ቤንዚን ጥቂት ደቂቃ ውስጥ ተንኖ ይጠፋል። ነጭ ጋዝ ወይም ናፍጣ ያለበት ግን የቅባት ቀለበት ትቶ ይቀራል፤ ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሡት ጎልቶ ይታያል። ማወዳደሪያ የሚሆን ትንሽ ንጹሕ ቤንዚን በብርጭቆ ጠርሙስ በደንብ ከድኜ ሁልጊዜ አስቀምጣለሁ።

ሁለተኛው ውኃ ፍለጋ ነው። ግማሽ ሊትር በሚያሳይ ጠርሙስ ቀድታችሁ ግማሽ ሰዓት ሳትነኩት አቆዩት። ውኃ ካለ ከሥሩ እንደ ዶቃ ተንከባሎ ይቀመጣል።

ሦስተኛው የኢታኖል ፈተና ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንዚንን ከኢታኖል ጋር መቀላቀል ተጀምሮ ነበር፤ ስለዚህ ታንካችሁ ውስጥ ያለውን ማወቅ አይከፋም። ቀጥ ባለ ጠባብ ብርጭቆ ትንሽ ውኃ ጨምሩና ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከላዩ ቤንዚን ጨምራችሁ፣ አፉን ከድናችሁ ነቅንቁትና አስቀምጡት። ሲረጋ የውኃው ወለል ከምልክቱ ከፍ ካለ ኢታኖል አለበት ማለት ነው። እስከ አሥር በመቶ የሚደርሰው ሞተሩን አይገድለውም፤ ነገር ግን የአርባ ዓመት የጎማ ቱቦዎችን ያለሰልሳል፣ ከአየርም እርጥበት ይስባል። ቱቦዎቹን ለቤንዚን በተሠራ አዲስ ቱቦ ቀይሩ፤ ኢታኖል ያለበትን ቤንዚን ታንክ ውስጥ ክረምቱን ሙሉ አታሳድሩ።

ስትቀዱ ጥቅጥቅ ያለ ንጹሕ ጨርቅ ባለው ማጥለያ ይሁን። የቤንዚን ፊልትሮውን በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ ቀይሩ፤ ከጀሪካን የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ በግማሹ። ጀሪካን መኪናዋ ውስጥ አታስቀምጡ፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋ ከተሳፋሪው ጋር አንድ ክፍል ስለሆነ እንፋሎቱ ወደ እናንተ ይመጣል።

ዘይት በቤንዚን ውስጥ

የዘይት መመጠኛ ፓምፗ አርጅታ ቢሆንስ? እኔ መልሱን ያገኘሁት ጣና ዳር ነው። ወደ ገዳማቱ የሚመላለሱት ጀልባዎች ከኋላቸው ለሚንጠለጠለው ሞተር የሚጠቀሙበት የሁለት ምት ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ እንዲቃጠል የተሠራ ነው፤ አመድ የሚባል አይተውም። ለማሸጊያዎቹ የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

ፓምፗ የምትሠራ ከሆነ ለ40 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር ጨምሩ፤ ይህ 1 ለ200 ነው። ፓምፗ ከተነሣች ወይም ከሞተች 400 ሚሊ ሊትር ይሁን። ዘይቱን በቅድሚያ ጨምሩትና ቤንዚኑ ከላዩ ይውረድ፤ እየወረደ ያማስለዋል። ከዚህ በላይ ማብዛት ካንዴላ ያቆሽሻል እንጂ ጥቅም የለውም። ተራ የሞተር ዘይት ለዚህ አትጠቀሙ። ፓምፗ የምትሠራ መሆኗን ለማየት ደግሞ ወደ ካርቡሬተሩ የሚሄዱትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጥረጉና ተመልከቱ፤ በውስጣቸው ዘይት ሊኖር ይገባል። ብዙ ጊዜ ደርቀው ተሰንጥቀው ይገኛሉ።

ማስነሣትና ማጥፋት

አስነሥታችሁ ሳትሞቅ አታጥፏት። ቀዝቃዛ ሞተር ላይ ቾኩ፣ ማለትም አየር የሚያጠበው ክዳን፣ ቤንዚኑን ያበዛል፤ ወዲያው ሲጠፋ ያ ቤንዚን ተቀምጦ ማሸጊያዎቹ ላይ ያለውን ዘይት ያጥባል። ዘይት የሌለው ማሸጊያ አየር ያሳልፋል፣ እምቅታ ይጠፋል፣ ካንዴላውም ይረጥባል። የወንድሜ ሁለት ሜትር ያመጣችው ይህን ነው። ዛሬ ቁልፉ ላይ ትንሽ ካርቶን ታስሯል፤ «የሙቀት መርፌው መሐል ሳይደርስ አታጥፋ» ይላል።

መኪናዋን በግቢ ውስጥ ማንቀሳቀስ ብቻ ከፈለጋችሁ ማርሹን ነጻ አድርጋችሁ ግፏት፤ ቀላል ናት። ግድ አስነሥታችሁ ከሆነ እስክትሞቅ ጠብቁ። ከማጥፋታችሁ በፊት ደግሞ የሞተሩን ዙር በደቂቃ ወደ 3,000 አንሥታችሁ አሥር ሰከንድ ያህል ያዙ፤ የተረፈው ቤንዚን ይጠረጋል። ከዚያ ወደ ሚኒሞ (መስጫው ሳይረገጥ ወደምትዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ስትመለስ አጥፏት።

ስለ አነዳድም አንድ ነገር ልበል። ይህን ሞተር ሁልጊዜ በ2,000 ዙር ከተማ ለከተማ ማንፏቀቅ ጥቀርሻ ያስቀምጥበታል፤ ማሸጊያዎቹ በመቀመጫቸው ውስጥ ይነክሳሉ። በደንብ ከሞቀች በኋላ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ በሁለተኛ ማርሽ በዙር መለኪያው ላይ ወዳለው የማስጠንቀቂያ ምልክት አጠገብ አድርሷት። ከመራዊ ወደ ዳንግላ ባለው ሜዳ ላይ በየጉዞው አደርገዋለሁ። እዚህ ላይ ለመኪናዋ ማሰብ ማለት ይህ ነው።

በቤንዚን የታፈነ ሞተር ሲያጋጥም

ምልክቱ፦ ሞተሪኖው ከወትሮው ፈጥኖና ቀልሎ ይዞራል፣ ቤንዚን ይሸታል፣ ሞተሩ አይይዝም። ማሽከርከሩን ወዲያው አቁሙ፤ በጨመራችሁ ቁጥር ታባብሱታላችሁ።

1. የቤንዚን ፓምፑን ፊውዝ አውጡ ወይም ከኋላ ታንኩ አጠገብ ያለውን የፓምፑን ሶኬት ንቀሉ። ከአሁን በኋላ አንድ ጠብታ እንዳይገባ።

2. ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ ወደሚሰጡት ቦቢናዎች የሚሄዱትን ገመዶች ንቀሉ። ይህን ደረጃ አትዝለሉ፤ ካንዴላ ተፈትቶ ሲሽከረከር የቤንዚን ጉም ይረጫል፣ አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ሲጋራም ሻማም ከአካባቢው ይራቅ፤ መብራት ጠፍቶ ከሆነ የእጅ ባትሪ ተጠቀሙ።

3. አራት ካንዴላ አለ፤ በእያንዳንዱ ሮተር ሁለት፣ አንዱ ከታች አንዱ ከላይ። ዋናውን ሥራ የሚሠራው የታችኛው ነው። ገመዶቹን ቁጥር ጻፉባቸውና ሁለቱን የታችኞች ፍቱ። ረጥበው ታገኟቸዋላችሁ።

4. ቤንዚን መስጫውን እስከ ታች ረግጣችሁ ሞተሪኖውን አሥር ሰከንድ አሽከርክሩ፤ ሠላሳ ሰከንድ አሳርፉት፤ ሦስት አራት ጊዜ ድገሙ። ከቀዳዳው የሚወጣው ጉም እስኪቀር ድረስ።

5. በሲሪንጅ በእያንዳንዱ የካንዴላ ቀዳዳ አሥር ሚሊ ሊትር ያህል የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ከዚያ ለሁለት ሦስት ሰከንድ አሽከርክሩ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡ፦ ሲጀምር ባዶ የነበረው ድምፅ ወፈር ይላል፣ ሞተሪኖውም ይከብደዋል። እምቅታው ተመለሰ ማለት ነው።

6. ካንዴላዎቹን በብሩሽ ጠርጉ፣ አድርቁ፤ አዲስ ካላችሁ አዲስ እሰሩ። የሮታሪ ካንዴላ ብቻ ይሁን። ከሌላ መኪና የመጣ ረዘም ያለ ካንዴላ ወደ ውስጥ ከዘለቀ የሚያልፈው ማሸጊያ ይመታዋል።

7. ባትሪውን ሙሉ። ደካማ ባትሪ ለዚህ ችግር ዋነኛ አባባሽ ነው፤ ሞተሩ በፍጥነት ካልዞረ አይይዝም። ከዚያ የቦቢናውን ገመድ መልሱ፣ ፓምፑን ግን እንደተነቀለ ተዉት፤ መስጫውን በግማሽ ረግጣችሁ ሞክሩ። መያዝ ስትጀምር ፓምፑን መልሱ።

ስትነሣ ሰፈሩን የሚሸፍን ነጭ ጭስ ታወጣለች። የጨመራችሁት ዘይት ነው፤ በጥቂት ደቂቃ ይጠራል። ጎረቤት አስቀድማችሁ ንገሩ።

የዓባይ በረሃ

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ሲወረድ ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ከወንዙ ማዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራውን የሕዳሴ ድልድይ በጃፓን መኪና ስሻገር ደስ ይለኛል። ይህ ጉዞ የነዳጅና የሙቀት ጉድለትን ሁሉ ያወጣል።

ስትወርዱ በሦስተኛ ማርሽ፣ ከ2,500 እስከ 3,500 ዙር ባለው ውስጥ ሁኑ። መስጫው ተለቆ ሲወረድ የዘይት ፓምፗ የምትልከው ትንሽ ነው፤ ስለዚህ አልፎ አልፎ መስጫውን ነካ አድርጉ። ከጭስ ማውጫው ፖፕ ፖፕ የሚል ድምፅ ቢሰማ አትደንግጡ። ሞተር አጥፍታችሁ ግን ፈጽሞ አትውረዱ፤ የፍሬኑ አጋዥ አብሮ ይሞታል።

ስትወጡ ሞተሩ በከፍተኛ ማርሽ እያቃሰተ አይሂድ። ሁለተኛ ማርሽ፣ ከ3,500 እስከ 4,000 ዙር። የሙቀት መርፌውን ተከታተሉ፤ ከፍ ማለት ከጀመረ የመኪናውን ውስጥ ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ለእናንተ ጭንቅ ቢሆንም ለሞተሩ ሁለተኛ ራዲያተር ነው። ሮታሪ አንድ ጊዜ ከጋለ በቤቶቹ መካከል ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ይበላሻሉ፤ ከዚያ በኋላ የራዲያተሩ ውኃ ወደ ሞተሩ ይገባል። ባዶ ውኃ አትጠቀሙ። ደጋ ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፣ ባሕር ዳር ላይ 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ የተቀላቀለበት ውኃና ግፊት የሚይዝ ጤነኛ የራዲያተር ክዳን ያስፈልጋል።

ዳገቱን ጨርሳችሁ ወዲያው ብታጠፉ ሌላ ነገር ይከተላል። ካርቡሬተሩ ከጭስ ማውጫው በላይ ስለተቀመጠ ከሥሩ በሚመጣው ሙቀት ውስጡ ያለው ቤንዚን ይፈላና ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል። ከሩብ ሰዓት በኋላ አልነሣም ትላችኋለች። ስለዚህ ከፍታው ላይ ስትደርሱ ሦስት አራት ደቂቃ በሚኒሞ አቆዩአት፤ ስታጠፉም የሞተሩን ኮፈን ክፈቱት። እምቢ ካለች መስጫውን ደጋግማችሁ አትምቱ፤ እስከ ታች ረግጣችሁ ያዙና አንድ ጊዜ አሽከርክሩ።

ሌሎች ምልክቶች

ጥቁር ጭስ፣ የጠቆረና ጥቀርሻ የለበሰ ካንዴላ፣ የሚንገዳገድ ሚኒሞ ካያችሁ ቤንዚን በዝቷል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር ባሕር ዳር ላይ አንድ አሥረኛ ያህል ቤንዚን ያበዛል፤ እንጅባራና ደብረ ማርቆስ ላይ ይብሳል። በመጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን ተመልከቱ፣ ቾኩ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ መከፈቱን አረጋግጡ። ከዚያ የ12ኤ ካርቡሬተር ላይ ያሉትን ትንንሽ የመስታወት መስኮቶች እዩ፤ መኪናዋ ሜዳ ላይ ቆማ ሞተሩ እየሠራ የቤንዚኑ ወለል መስኮቱ መሐል ሊሆን ይገባል። ከፍ ካለ ችግሩ በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ወይም ቤንዚን የሚዘጋው መርፌ ነው። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ብቻ ጠበብ ያለ ጂግለር (ቤንዚን ተመጥኖ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ፈልጉ። የነበረውን በሽቦ ማስፋት ወይም በብየዳ ማጥበብ አትፍቀዱ፤ መመለሻ የለውም።

ፍጥነት ስትጨምሩ የሚቋረጥ ጉልበት፣ ነጣ ያለ ካንዴላ ከታየ ቤንዚን አንሷል። ፊልትሮ፣ የተቆለመመ ቱቦ፣ የደከመ ፓምፕ። አንድ ሰው ሲያስነሣ ሌላው ከኋላ ሆኖ የፓምፑን ድምፅ ይስማ። በዚህ ሁኔታ አትንዱ፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል።

ከጭስ ማውጫው እንደ ጥይት የሚጮኽ፣ ጉልበቷም የወደቀ ከሆነ ወደ ካንዴላ መስመሩ ሂዱ። የታችኞቹ ሁለት ካንዴላዎች ብልጭታ ካጡ በላይኞቹ ብቻ እያነከሰች ትሄዳለች፤ ብዙ መካኒክ «ትሠራለች» ብሎ የሚያልፈው ይህን ነው። ስትሞቅ ጠፍታ ስትበርድ የምትነሣ ከሆነ ደግሞ ኤሌክትሪኩን ለካንዴላዎቹ በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ጎን ያሉትን የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ጠርጥሩ።

ጠዋት ስትነሣ ብቻ ሰማያዊ ጭስ ብታወጣ ብዙ አይክፋችሁ። ነጭ ጭስ ከጣፋጭ ሽታ ጋር፣ ራዲያተሩም እየጎደለ ከሆነ ግን ቅድም ያልኳችሁ የጎማ ማሸጊያ ሄዷል።

እምቅታውን በጆሮ መለካት

አሮጌ ሮታሪ ልትገዙ ስትሄዱም ሆነ የእናንተው ጉልበት ሲያጣ ይህን አድርጉ። ሞተሩን አሙቁ፤ ቤንዚኑንና ቦቢናዎቹን ንቀሉ። የፒስተን ሞተር እምቅታ መለኪያ ከጋራዥ ተዋሱና ጫፉ ላይ ያለችውን አየር የምትይዝ ትንሽ ቫልቭ አውጡ፤ ካልወጣች የሚታየው የሦስቱ ጎኖች ትልቁ ብቻ ይሆናል። በላይኛው ካንዴላ ቀዳዳ አስገቡት፤ መስጫው ተረግጦ ይሽከርከር። መርፌዋ ሦስት ሦስት ጊዜ ትዘላለች።

በፋብሪካው ልክ ዝቅተኛው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 6 ኪሎ ግራም ነው፤ ሞተሩ በደቂቃ 250 ሲዞር። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ አራት አምስተኛ ገደማ ስለሆነ ወደ 5 የቀረበ ንባብ ካገኛችሁ አትፍረዱባት። መለኪያ ከሌለ የተፈታው ቀዳዳ አጠገብ ሆናችሁ አድምጡ፦ ፍ፣ ፍ፣ ፍ፣ እኩል የሆኑ ሦስት ትንፋሾች። ሦስቱም እኩል ደክመው ከሆነ ማሸጊያዎቹ አርጅተዋል ወይም ጥቀርሻ ይዟቸዋል፤ ቀደም ብዬ ያልኩት የዘይት ድብልቅና ከፍ ያለ ዙር አንዳንዴ ይመልሳቸዋል። አንዷ ብቻ ከደከመች የተበላሸው በሮተሩ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ያለው የጎን ማሸጊያ ነው።

ከሦስቱ ሁለቱ ጠፍተው አንዷ ብቻ ጤነኛ ከሆነች አንድ የጫፍ ማሸጊያ ተሰብሯል፤ እያንዳንዱ ጫፍ ለሁለት ጎኖች ወሰን ስለሆነ አብረው ይሞታሉ። እንዲህ ከሆነ እስከ ጋራዥ እንኳ በራሷ አትንዷት፤ በገመድ ትሳብ። ስብርባሪው እየዞረ ቤቱን ይቧጭረዋል፤ ቤቱ ከተቧጨረ ማሸጊያ መቀየር ብቻውን አያድናትም።